ናፍጣ የማይጠጣ ማሽን

[ዝቋላ ወረዳ፣ ከጽጽቃ ከተማ ወጣ ያለች መንደር፣ የሽማግሌው የአጥናፉ ደጅ። ከገደል የተናደ ቋጥኝ መግቢያውን ዘግቶታል። ከቋጥኙ ቁልቁል የጎረቤቱ የትእዛዙ ግቢ አዲስ የቆርቆሮ በር ያብለጨልጫል። ትእዛዙ ሰቆጣ ሠልጥኖ ከተመለሰ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም።]

ትእዛዙ፦ [አጥናፉ የያዘውን ረጅም ምሰሶ እያሳየ] እንጨት አይበሉት አልኩዎ! ማሽን ነው።

አጥናፉ፦ እኔ ራሴ ነኝ የቆረጥኩት፣ ልጄ። ወይራ ነው። ለልጄ ለፅዮን ሠርግ የዳስ ምሰሶ ብዬ ያቆየሁት።

ትእዛዙ፦ ዳስ ውስጥ ሲቆም እንጨት ነው። ቋጥኝ ሥር ሲገባ ግን ማሽን ይባላል። ሳምንት ሙሉ የሠለጠንኩት ይሄንኑ ነው።

አጥናፉ፦ እና ናፍጣው በየት በኩል ነው የሚገባ?

ትእዛዙ፦ በስመ አብ! ናፍጣ አይጠጣም!

አጥናፉ፦ ጠላስ?

ትእዛዙ፦ ጠላም አይጠጣም!

አጥናፉ፦ እሱስ ደግ ነው። እኔን የጨነቀኝ ጠላው ነው። ደቦ ብጠራ ለእሁድ የተጠነሰሰው ጠላ ሠርጉ ሳይደርስ ያልቅብኛል። ባልጠራ ደግሞ የሙሽራው በቅሎ በየት ትገባለች? ሙሽራውን አጥር ልናዘልለው ነው?

ትእዛዙ፦ ይሄ ደቦ የምትሉት ነው ወደ ኋላ ያስቀረን! አንድ ድንጋይ ለማንሳት ሃያ ሰው፣ ሃያ ሰው ለማጠጣት አንድ ጋን! እኔ እንኳን ደቦ መውጣት ከተውኩ ቆየሁ። እውቀት ያለው አንድ ሰው ይበቃል።

አጥናፉ፦ ማሽላዬ ሲታጨድ ያጣንህ ለዚህ ነው?

ትእዛዙ፦ ሥልጠና ላይ ነበርኩ።

አጥናፉ፦ የአያ ምሳው ቤት ሲከደንስ?

ትእዛዙ፦ ሥልጠናውን እያሰላሰልኩ ነበር። አሁን ይልቅ ይመልከቱ! ይቺ ትንሽ ድንጋይ ቋጥኙ አጠገብ ትቀመጣለች። ማሽኑ በላይዋ ይጋደምና አፍንጫው ቋጥኙ ሥር ይገባል። ከዚያ በዚህ ጫፍ ሲጫኑት ቋጥኙ ብድግ ይላል። ከቋጥኙ በራቁ ቁጥር ሥራው ይቀላል።

አጥናፉ፦ በራቅሁ ቁጥር?

ትእዛዙ፦ እንዴታ!

አጥናፉ፦ [ሄዶ ግራር ጥላ ሥር ይቀመጣል] እውነትህን ነው። ገና ከአሁኑ ቀለለኝ።

ትእዛዙ፦ እንጨቱን ይዘው ነው እንጂ የሚርቁት!

አጥናፉ፦ እንጨት ነው ማሽን?

ትእዛዙ፦ ማሽን! ማሽን!

አጥናፉ፦ እንግዲህ እኔ ደንቆሮ ነኝ፣ አይገባኝም። አንተው አሳየኝ።

ትእዛዙ፦ [እጅጌውን ሰብስቦ ይጫናል፤ ቋጥኙ ይነቃነቃል] አዩ? አዩልኝ?

አጥናፉ፦ አየሁ። ግን ወዴት ነው የሚሄደው?

ትእዛዙ፦ ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ዋናው መነሳቱ ነው!

አጥናፉ፦ ቁልቁል የሚሄድ መሰለኝ።

ትእዛዙ፦ ይሂዳ! ቁልቁለቱም ማሽን ነው። ሁለተኛው ማሽን። ሸክም በተዳፋት ሲወርድ ጉልበት አይጨርስም።

አጥናፉ፦ ቁልቁለት ማሽን ነው? ታዲያ ዕድሜ ልኬን ማሽን ላይ እየኖርኩ ነው ጉልበቴ ያለቀው? ዝቋላ ጠቅላላው ፋብሪካ ነው በለኛ!

ትእዛዙ፦ አይቀልዱ፣ አያ አጥናፉ።

አጥናፉ፦ ፍሬን አለው?

ትእዛዙ፦ የቱ?

አጥናፉ፦ ሁለተኛው ማሽን።

ትእዛዙ፦ [በሽቆ] ያልሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርቅ! ፍሬን ያለው መኪና ነው! ዞር ይበሉልኝ!

[ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫናል። ቋጥኙ ተገልብጦ ቁልቁል ይንከባለላል። የቆርቆሮ ጩኸት።]

አጥናፉ፦ ተከፈተ! እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ! አንድ ዋንጫ ጠላ ሳይወጣብኝ! በቅሎዋ ከነሙሽራው ትገባለች።

ትእዛዙ፦ [ቁልቁል እያየ] የግቢዬ በር...

አጥናፉ፦ አይዞህ፣ አልወደቀም። ቋጥኙ ተደገፈው እንጂ።

ትእዛዙ፦ ሚስቴ ባንቺ እኮ ውስጥ ናት! በሩ ተዘጋባት! ስትጮህ አይሰማዎትም?

አጥናፉ፦ ይሰማኛል። ስምህን እየጠራች ነው። ከስምህ ቀጥሎ ያለውን እኔ በዚህ ዕድሜዬ አልደግመውም።

ትእዛዙ፦ ደቦ ይጥሩልኝ! በፈጠረዎ!

አጥናፉ፦ እውቀት ያለው አንድ ሰው ይበቃል አላልክም?

ትእዛዙ፦ ቁልቁለቱ እዚያው አለቀ! ከዚህ ወዲያ ወደ ላይ ነው የሚገፋው! ሃያ ሰው ይፈልጋል!

አጥናፉ፦ ሃያው ሰው የማን ደቦ ላይ አይቶህ ነው የሚመጣልህ? ጠላስ ጠንስሰሃል?

ትእዛዙ፦ [አንገቱን እያሻሸ] የእርስዎ ጠላ... አለ አይደል?

አጥናፉ፦ እሱ የእሁድ ነው። እሁድ ሠርገኛው ሲሰበሰብ ቆሜ እለምንልሃለሁ። እስከዚያ ለባንቺ እንጀራ በአጥር አቀብላት። ስታቀብል ግን ፊትህን ጠብቅ።

ትእዛዙ፦ እስከ እሁድ? ትገድለኛለች! በሉ እንጨቱን ያውሱኝ፣ ብቻዬን ልሞክር።

አጥናፉ፦ [ምሰሶውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ እያመራ] የምን እንጨት?

ትእዛዙ፦ የተሸከሙት!

አጥናፉ፦ እንጨት አትበለው፣ ልጄ፣ ማሽን ነው። ማሽኑ ደግሞ እስከ እሁድ ሥራ አለበት። ዳስ ያቆማል።