ደንገጎን ድል ያደረገው ጎረቤቴ

ተራራ ወጣሁ እያለ ከተማ ሙሉ የሚያደነቁር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ አለን፤ የነጋዴ ቤት ጸሐፊ ነው። ፈረንጆች ተራራ ሲወጡ በመጽሔት ካየ ወዲህ ባለ ሚስማር ጫማና ገመድ አስመጣ።

አንድ እሑድ ከከተማው በላይ ያለውን የደንገጎን ተራራ ሊወጣ ሲነሳ ጉዱን ልይ ብዬ ተከተልኩት። ለመሆኑ አህያ የሚመላለስበት ዳገት ገመድ ምን ያደርግለታል? ገና እኩሌታው ላይ ሳንደርስ ጀግናው ድንጋይ ላይ ተዘረረ። ድሬ ወተቷን ሸጣ ሽቅብ ወደ ቤቷ የምትመለስ ፋጡማ የምትባል ሴት ደረሰችና፣ ገመዱን ከነሻንጣው ተሸክማ፣ ከፊት ከፊት እየመራች አወጣችው።

ሰኞ ሻይ ቤት ሰው ሰብስቦ፣ «ደንገጎን ድል አደረግሁት!» እያለ ይደነፋል። ፋጡማ ወተት ልታደርስ ስትገባ ሰማችውና ክው አለች።

«ያ አላህ! ተራራው ምን አደረገህ?» አለችው። «እኔን በየቀኑ ዝም ብሎ ነው የሚያሳልፈኝ።»