ከመሪው ሥር ያለችው አሳባቂ

መኪና የሚነዳ ሰው ከመሪው ሥር ጎንበስ ብሎ አይቶ ያውቃል? አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ስነዳ ጉልበቴ አጠገብ ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም። እግሬ ከፍሬኑ፣ ዓይኔ ከመንገዱ፣ ሐሳቤ ከጭነቱ ነበር።

ለካ እዚያ ጨለማ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ አለች። መካኒኮች ኮምፒውተራቸውን የሚሰኩባት ናት። መኪናዋ ሲያማት ሕመሟን የምትናዘዘው በዚያች በኩል ነው አሉ። ይሁን፣ መኪናም ነፍስ አባት ያስፈልጋታል። የእኔ ጣጣ የመጣው የእሷን ትታ የእኔን ኃጢአት መናዘዝ የጀመረች ዕለት ነው።

የምነዳው የጋሽ ተካን ደብል ጋቢና ነው። ጋሽ ተካ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የታወቁ የኮረሪማና የእርድ ነጋዴ ናቸው። እኔ ከሚዛን ተነስቼ በሸኮ በኩል እስከ ቴፒ፣ አንዳንዴም እስከ ማሻ እየዘለቅኩ ከገበሬው ደጃፍ እሰበስብላቸዋለሁ። ደግ ሰው ናቸው፣ እውነቱን ልናገር። አንድ አመል ግን አለባቸው። ይጠረጥራሉ። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለው ተረት ለእሳቸው ተረት አይደለም፣ የጸሎት ቃል ነው። ሻይ ቤት ገብተው እንኳ ስኳሩን በዓይናቸው ፊት ካልጨመሩላቸው ሻዩን አይነኩትም።

አንድ ጊዜ መኪናዋን ራሳቸው እየነዱ አዲስ አበባ ሄዱና የክብሪት ሣጥን የምታህል ጥቁር ዕቃ አስገጥመው መጡ። ውስጧ ሲም ካርድ አለ። ቴክኒሻኑ ከመሪው ሥር፣ ካልኳችሁ ቀዳዳ ላይ ሰካት፤ የዕቃዋን ቁጥር የያዘች ወረቀት በፊተኛው መስታወት ጥግ ለጠፈ፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ተካ ሱቃቸው ቁጭ ብለው መኪናዋ የት እንዳለች፣ በምን ፍጥነት እንደምትሄድ፣ የት ቆማ ስንት ደቂቃ ሞተሯ እንደጠፋ በስልካቸው ያያሉ።

የመጀመሪያ ቀን ጠሩኝና ስልኩን አሳዩኝ። ካርታ ነው። ካርታው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ይቺ አንተ ነህ አሉኝ። ራሴን አየሁት። ትንሽ ነኝ።

ደስ እንዳላለኝ ፊቴ ላይ አይተው መሰለኝ፣ ንጹሕ ሰው ምን ይፈራል ብለው ጠየቁኝ። ያን ጊዜ መልስ አጣሁ። አንዳንድ መልስ እንደ ገጠር አውቶቡስ ነው፣ ተሳፋሪው ከሄደ በኋላ ይደርሳል። አሁን ቢጠይቁኝ፣ ጋሼ፣ ንጹሕ ሰውም ልብሱን ሲቀይር በሩን ይዘጋል እላቸው ነበር።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። ለምን ቆምክ? ጋሼ፣ ሽንቴ መጥቶ ነው። ሰባት ደቂቃ? አሁን ለዚህ ምን ይባላል? በዚህ ዕድሜዬ ስለ ሽንቴ ሪፖርት የማቀርብ ሰው ሆንኩ። ፈጥነሃል ይሉኛል፤ ቁልቁለት ነበር እላለሁ። ዘግይተሃል ይሉኛል፤ ጭቃ ነበር እላለሁ። ከሸኮ ወዲህ ባለው ጫካ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ ቀይዋ ነጥብ አንድ ቦታ ትደርቃለች። ያን ጊዜ ጋሽ ተካ እኔም የደረቅኩ ይመስላቸዋል።

ዋናው ችግር ግን ለቅሶ ነው። እኛ ሀገር የቀብር ሰልፍ ያገኘ መኪና ሞተሩን አጥፍቶ ይቆማል፤ ሹፌሩም ወርዶ ኮፍያውን ያወልቃል። የደንበኛ ቤት ለቅሶ ካለ ደግሞ አልፎ መሄድ የለም። ድንኳን ገብቶ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ ጥቂት አቀርቅሮ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ ብሎ ነው የሚወጣው። ገበሬው ኮረሪማውን ለሌላ ሳይሰጥ የሚያቆይልኝ በዋጋዬ መሰላችሁ? አባቱ የሞተ ቀን አብሬው ስለተቀመጥኩ ነው።

ዕቃዋ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ትጨርሰዋለች። ሞተር ጠፋ፣ አርባ ደቂቃ። የት እንደቆምኩ ታውቃለች፣ ለምን እንደቆምኩ አታውቅም። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው እኛ ምን እንለዋለን? አሳባቂ አይደለም?

ያን ዓመት ኮረሪማ ተፈላጊ ነበር። ብሩክ የሚባል አንድ ወጣት ነጋዴ እዚያው ሚዛን ውስጥ ሥራ ጀምሮ ነበር። እኔ ዛሬ የቆምኩበት መንደር ነገ ጎሕ ሲቀድ ብሩክ ይደርሳል። ትንሽ ጨመር አድርጎ የቀረውን ይጠርጋል። አንዴ ሲሆን አጋጣሚ ነው አልን። አምስት ጊዜ ሲሆንስ? ጋሽ ተካ ስልካቸውን አወጡ። አርባ ደቂቃ የቆምኩባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አዩ። ብሩክ ከሁሉም አልቀረም። በቃ፣ ሹፌሬ ለቅሶ ነው እያለ ቆሞ ለብሩክ ይደውላል አሉ።

በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ራሴን እጠረጥር ነበር። ያናደደኝ መጠርጠሩ አይደለም። ሱቅ ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ በሁለት ቢላዋ የሚበላ ብለው ቁልፉን መቀበላቸው ነው። ሚዛን ሰፊ ከተማ አይደለችም። በሁለት ቢላዋ ይበላል የተባለ ሹፌር ዳግመኛ መኪና ቀርቶ የአህያ ጋሪ የሚሰጠው አያገኝም። በጣም ከፋኝ። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ሚስቴ ማርታ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች። እስኪጠራ ምን እንበላለን አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ ተካም እምቢ አላሉም፤ ማስረጃ በእጃቸው ነው፣ ምን ያስፈራቸዋል? እሑድ ከሰዓት መምህር ጌታሁን ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የግቢው ባለቤት መምህር ጌታሁን፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ሁለተኛው ጋሽ ማርቆስ ናቸው። ጋሽ ማርቆስ ሰባ ያለፋቸው ገበሬና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ስልካቸው ከመደወልና ከመብራት ሌላ ሥራ የለውም። የጋሽ ተካ መኪና በሩ ላይ አፍንጫዋን ወደ እኛ አድርጋ ቆማለች።

ጋሽ ተካ ክሳቸውን አሰሙ። ስልኩንም ዘረጉ። መምህር ጌታሁን መነጽራቸውን ሰክተው ካርታውን ሲያዩ ክሱን ረሱት፤ ይህ የትኛው ወንዝ ነው፣ ይህስ ተራራ ስሙ ለምን ተሳሳተ እያሉ እንደ ተማሪ ደብተር ሊያርሙት ምንም አልቀራቸውም። ጋሽ ማርቆስ ግን ካርታውን አላዩም። እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ደርበው ተቀመጡ።

በመጨረሻ ወደ ጋሽ ተካ ዞሩ። “ተካ፣ ይህን ካንተ ሌላ የሚያይ ሰው አለ?”

ማንም አለመኖሩን ጋሽ ተካ በኩራት ተናገሩ። ምስጢር ቁጥር አለው፤ ያለ እሱ አይከፈትም። ለባለቤታቸው እንኳ አልነገሩም። እንዳይረሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን የማይረሱትን ቁጥር ነው ያደረጉት።

ጋሽ ማርቆስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከዘራቸውን አነሱና ወደ መኪናዋ ጠቆሙ። “መምህር፣ ስልክህን አውጣ። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍ። ምስጢሩ ላይ ታርጋውን ጻፍ።”

የጋሽ ተካ ፊት ምን እንደመሰለ ልነግራችሁ አልችልም። ማየት ነበረባችሁ።

መምህር ጌታሁን ፕሮግራሙን ስልካቸው ላይ ሊያወርዱ ጀመሩ። ኔትወርክ የለም። ክቡ ይሽከረከራል። ከማንጎው ሥር ተነሱና አጥሩ ጋ ሄዱ። ከአጥሩ ድንጋይ ላይ ወጡ። ይሽከረከራል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኔትወርክ እንዲመጣ የጸለይኩበት ጊዜ የለም። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየን። ከዚያ መምህር ድንጋዩ ላይ እንደቆሙ፣ ይኸው ቤቴ ደጃፍ ቆማለች አሉ። ቀይዋ ነጥብ በእሳቸው ስልክ ላይ ቁጭ ብላለች። ታርጋ ከፊትም ከኋላም ተጽፎ በከተማው ሲዞር የሚውል ነገር ነው። ጋሽ ተካ ምስጢራቸውን እኔው እየነዳሁት ለሕዝብ ሳሳይ ነበር የምውለው።

ብሩክ ሱቁ ቅርብ ነውና ተጠርቶ መጣ። ልጁ ዋሾ አይደለም። አንገቱን እያከከ አመነ። እሱም ያንኑ ዕቃ ከዚያው ቴክኒሻን አስገጥሟል። ቴክኒሻኑ የማትረሳውን ቁጥር አድርግ፣ ታርጋህን ለምሳሌ ብሎ መክሮታል። ለጋሽ ተካም ይህንኑ ሳይላቸው አይቀርም ብሎ ሲሞክር እንደ በር ተከፈተለት። ሹፌሩ ደውሎልኝ አያውቅም፣ ስልኩም የለኝም አለ።

ጋሽ ማርቆስ የሱ ምስጢር ቁጥርስ አሁን ምን እንደሆነ ጠየቁት። ብሩክ ፈጠን ብሎ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ መነካካት ጀመረ። መምህር ጌታሁን ሳቁ። ጋሽ ተካም ሳይወዱ ሳቁ።

ፍርዱ አጭር ነበር። በሰው ፊት የተሰደበ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠየቃል። ዕቃዋ ትነቀላለች። ለቅሶ የቆመ ሰው ስንት ደቂቃ ቆምክ ተብሎ አይጠየቅም። ጋሽ ተካ ተነስተው ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ። በማግስቱ ሱቃቸው ውስጥ፣ ያው የስድቡ ቀን የነበሩት ሰዎች ባሉበት፣ በድዬሃለሁ አሉኝ። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ከመሪው ሥር ተንበርክከው ዕቃዋን በገዛ እጃቸው ነቀሏት። ቁልፉን ከነሙሉ ክብሩ ተቀበልኩ። የዚያን ቀን ሚዛንን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ነዳኋት። ማንም ነጥብ አላደረገኝም። ሸኮ መንገድ ላይ ከመኪና ወርጄ ዛፍ ሥር ቆምኩ፤ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ ዛሬም ማንም አያውቅም።

እንደ ድል አድራጊ ጡሩምባዬን እየነፋሁ ለምሳ ቤቴ ገባሁ። ቤት ውስጥ ምድጃው አልተለኮሰም። ማርታ ሽንኩርት ገና መላጥ ጀምራለች። በትዳራችን ዓመታት ሁሉ እንዲህ ሆኖ አያውቅም አልልም፤ ከቅርብ ወራት ወዲህ ግን ሁልጊዜ በሩን ስከፍት ወጡ ገና ከእሳት የወጣ ነበር። ምን ሆነሻል አልኳት።

መኪናዋ ስልኬ ላይ ጠፋችብኝ አለች።

ቁጭ አልኩ። ለካ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ታየኛለች። ቁጥሩን ደጃፋችን ከቆመው መኪና መስታወት ላይ ቀዳችው፣ ምስጢሩን ከታርጋው ሞከረችው። ቀይዋ ነጥብ የከተማውን ድልድይ ስታልፍ ድስቱን ትጥዳለች። እኔ ደግሞ የእጇ ሙያ ነው እያልኩ ሳመሰግን ነበር።

ለካ አንቺም ሰላይ ነሽ አልኳት። ተናደድኩም። ያኔ ነው ሽንኩርቱን አስቀምጣ ቀና ብላ ያየችኝ። “ጋሽ ማርቆስ ታርጋ ይሞከር ያሉት ከየት አምጥተው መሰለህ? ትናንት ጠዋት ከአምልኮ ስንወጣ እኔ ነገርኳቸው። ብነግራቸው እንደምትነቀልብኝ አውቄ ነው የነገርኳቸው።”

እኔ ደግሞ ሽበት ከንቱ አይበቅልም እያልኩ የሽማግሌውን ጥበብ በከተማው ሁሉ ሳወራ ነው ያረፈድኩት። ምን እላለሁ? ቢላዋውን ተቀብዬ ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመርኩ። ስሜ ተመልሷል፣ ሥራዬ ተመልሷል፣ የሚያየኝ የለም። ነጻ ሰው ነኝ። ምሳዬን ግን ከእንግዲህ መምጣቴን ራሴ ደውዬ ካልተናገርኩ ትኩስ አላገኘውም።