ብስክሌት የሚሰብክ ሰው ሱሪ

ስለ ብስክሌት ጥቅም የሚሰብክ ሰው ሲገጥመኝ፣ መጀመሪያ የማየው የሱሪውን የቀኝ እግር ነው። የሰንሰለት ቅባት ካልነካው ሰውየውን አላምነውም። ተሳሳትኩ እንዴ? ከጅማ ወዲያ ያለችው አሰንዳቦ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰባኪ የላትም፣ ሰዉ ግን ብስክሌት ይነዳል። ጅማችን ትልቅ ስለሆነች የብስክሌት መንገድ ተቀባላት፤ አልፎ ተርፎ የብስክሌት ቀን ተዘጋጀላት።

እኔም ጠርጥሬ ወደ በዓሉ ሄድኩ። የበዓሉ ድንኳን የተተከለው የት ይመስላችኋል? እዚያው ብስክሌት መንገዱ ላይ! ሱሪያቸው ጥርት ብሎ የተተኮሰ አንድ ኃላፊ በማይክ "ብስክሌት ጤና ነው!" እያሉ ሳሉ፣ አባ ተማም ከቦሳ ኪቶ ሰፈር በብስክሌት መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያች አሮጌ ብስክሌታቸው ሲወርዱ አይቼ አላውቅም። ቅባት የጠገበው የሱሪያቸው የቀኝ እግር ካልሲ ውስጥ ተወትፏል።

የድንኳኑ ጥበቃ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

"አባ፣ ይመለሱ። ዛሬ የብስክሌት ቀን ስለሆነ በብስክሌት ማለፍ አይቻልም።"

አባ ተማም አልተቆጡም። ወርደው ድንኳኑን፣ ከኋላው የተደረደሩትንም የእንግዶች መኪኖች አዩ።

"ቶሌ፣ እሺ ልጄ" አሉ። "የእግረኛ ቀን የምታከብሩ ጊዜ ግን ቀደም ብላችሁ ንገሩኝ። ከቤት አልወጣም።"