ስልሳ ሳንቲም የተጨመረላቸው አመልካች ጉዳይ

የአብሮነት መረዳጃ እድር የድጋፍ ኮሚቴ 14ኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የጸሐፊው አፓርታማ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጎን
ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ 10፡25 ተጀመረ

የተገኙ፦
ጋሽ ዘርትሁን፣ ሰብሳቢ
ወ/ሮ አፀደ፣ ገንዘብ ያዥ፣ በቅርቡ ጡረታ የወጡ
አቶ ሥዩም፣ የአሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ) ተወካይ
አቶ ሊባኖስ፣ አባል፣ ከነላፕቶፓቸው
በፈቃዱ፣ ጸሐፊ
ወ/ሮ ብሩክታይት፣ አመልካች፣ ከላንግሊ ፓርክ

ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። አቶ ሥዩም ስብሰባው ሁልጊዜ ሜሪላንድ መደረጉን፣ ከቨርጂኒያ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ በመኪና መጨናነቅ አርባ ደቂቃ መቆማቸውን በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጠይቀው ተይዟል።

አጀንዳ 1፦ ማመልከቻ መስማት

ወ/ሮ ብሩክታይት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እንደሚሠሩ፣ የስድስትና የአራት ዓመት ልጆች እንዳሏቸው፣ ገቢያቸው አነስተኛ ስለሆነ የልጆቹን መዋያ እስካሁን የአካባቢው መስተዳድር፣ ካውንቲው፣ ይከፍል እንደነበር አስረዱ። ባለፈው ወር በሰዓት ስልሳ ሳንቲም ስለተጨመረላቸው ከካውንቲው የገቢ ጣሪያ በአርባ አንድ ዶላር በማለፋቸው ክፍያው ተቋርጧል። መዋያው ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹን አይቀበልም። ሰኞ ነገ ነው።

ጋሽ ዘርትሁን ጭማሪውን ለምን እንደተቀበሉ ጠየቁ። አመልካቿም፣ «ጋሼ፣ እኔ መች ለመንኳቸው? ሱፐርቫይዘሬ ‹ኮንግራጁሌሽን› ብላ አቀፈችኝ። ምን ልበላት?» ሲሉ መለሱ።

አጀንዳ 2፦ የእድሩን የገቢ ጣሪያ መወሰን

እድሩ ልጅ ላላቸው ሠራተኞች በወር ሦስት መቶ ዶላር ድጎማ ካጸደቀ ሰባት ወሩ ነው። ጣሪያው ስላልተወሰነ እስካሁን የተጠቀመ የለም።

ወ/ሮ አፀደ ገቢ ሊደበቅ ስለሚችል የአመልካች ሶፋ ቤት ድረስ ተሂዶ እንዲታይ ሐሳብ አቀረቡ። አቶ ሥዩም የወ/ሮ አፀደ ሶፋ ከታየ እድሩ በሙሉ ለእርዳታ እንደሚሰለፍ ተናገሩ። ወ/ሮ አፀደ፣ «ሥዩም፣ አንተ እሱ ላይ ተቀምጠህ ስንት ዶሮ በልተሃል!» አሉ። ሰብሳቢው ሶፋው ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን አሳወቁ።

አቶ ሊባኖስ ጣሪያው ከኮሚቴው አባላት ገቢ አማካይ እንዲወሰድ፣ ለዚህም እያንዳንዱ ገቢውን እንዲናገር ጠየቁ። ጋሽ ዘርትሁን የሰው ገቢ በአደባባይ አይጠየቅም አሉ። አቶ ሥዩም ገቢያቸው «እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ» መሆኑን ገለጹ። አቶ ሊባኖስ ይህ በሰንጠረዡ ውስጥ አልገባ አላቸው። የራሳቸውን ሲጠየቁ ላፕቶፑ ቻርጅ መጨረሱን አስታወቁ።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሜሪላንድ ጣሪያ 4,100 ዶላር፣ የቨርጂኒያ ደግሞ የአቶ ሥዩም ድልድይ ታስቦ 4,300 ዶላር እንዲሆን ተወሰነ።

የአመልካቿ ወርኃዊ ገቢ 4,112 ዶላር ሆኖ ተገኘ።

አቶ ሥዩም አመልካቿ ቨርጂኒያ ወዳለው ስካይላይን አፓርታማ ቢዛወሩ ችግሩ በአንድ ቀን እንደሚፈታ አመለከቱ። አመልካቿ እዚያ ኪራዩ በአራት መቶ ዶላር እንደሚበልጥ ተናገሩ። አቶ ሥዩም ሊፍቱ ግን አዲስ ነው አሉ።

አጀንዳ 3፦ ለአሠሪው የሚጻፍ ደብዳቤ

ጋሽ ዘርትሁን ማኅተም ያለበት ደብዳቤ የማይፈታው ነገር እንደሌለ ከቀድሞ የመሥሪያ ቤት ልምዳቸው አስረድተው፣ ስልሳ ሳንቲሙ በአክብሮት እንዲነሳላቸው ለአሠሪው እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ተደገፈ።

ጸሐፊው ረቂቁን «ታታሪና ታማኝ ሠራተኛችሁ» ብሎ ጀመረ። ወ/ሮ አፀደ እንዲህ ከተመሰገኑ ሌላ ስልሳ ሳንቲም ይጨመርላቸዋል ሲሉ ተቃወሙ። «መካከለኛ ሠራተኛ» ይባል ተባለ። አመልካቿ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «እባካችሁ! እርዳታ ልጠይቅ መጥቼ ልታስባርሩኝ ነው እንዴ?» አሉ። «ከመካከለኛ ጥቂት ከፍ ያሉ» በሚለው ስምምነት ተደርሶ ማኅተም ተመታ።

አቶ ሊባኖስ ግን ጭማሪው ከተነሳ ካውንቲው ስለሚከፍል የእድሩ ድጎማ እንደማያስፈልግ፣ ካልተነሳ ደግሞ የእድሩ ጣሪያ እንደማይፈቅድ አስረዱ። ሰብሳቢው ይህን ሁለት ጊዜ አስደገሙ። በመጨረሻም ደብዳቤው ቀርቶ የሜሪላንድ ጣሪያ 4,112 ዶላር እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ተጨበጨበ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

አመልካቿ ከቦርሳቸው የካውንቲውን ወረቀት አውጥተው አቶ ሊባኖስ እንዲያነቡላቸው ጠየቁ። ወረቀቱ በየወሩ የሚገባ ማንኛውም ገንዘብ እንደ ገቢ ይቆጠራል ይላል። የልጆቹ የነፃ ሕክምና ካርድ የገቢ ጣሪያ ላይ ለመድረስ የቀራቸው ዘጠና ዶላር ነው። የእድሩ ሦስት መቶ ዶላር ካርዱን ያስነጥቃል።

ጋሽ ዘርትሁን ሰማንያ ዘጠኝ ዶላር ይሰጣቸው አሉ። ወ/ሮ ብሩክታይትም፣ «ጋሼ፣ ገንዘቡ ይቅርብኝ። ነገ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቼን የሚረከበኝ ሰው ብቻ ስጡኝ» አሉ።

አቶ ሥዩም ድልድዩን በምክንያትነት አነሡ።

ወ/ሮ አፀደ፣ «እኔ ጋ አምጫቸው። እንቅልፍ እንደሆነ ከጡረታ ወዲህ የለኝም። ጫማ በር ላይ፤ ሶፋዬ ላይ የሚዘል ልጅ ግን አልወድም» አሉ። አመልካቿ፣ «እትዬ፣ እስከ መቼ?» ሲሉ ጠየቁ። ወ/ሮ አፀደ፣ «ያ ካውንቲ የሚሉት ሰውየሽ እስኪመለስልሽ» አሉ።

አቶ ሊባኖስ የነፃ ሞግዚትነት በገንዘብ ተተምኖ ከገቢ ይቆጠር እንደሆነ ጠየቁ። ወ/ሮ አፀደ ዝም እንዲሉ ነገሯቸው። ጋሽ ዘርትሁን ግን ጥያቄው ከባድ መሆኑን፣ የተጻፈ ነገር ሁሉ አንድ ቀን ማስረጃ እንደሚሆን አሳሰቡ።

ስለሆነም የሜሪላንድም የቨርጂኒያም ጣሪያ እንዲሰረዝ፣ ደብዳቤው እንዲቀደድ፣ ድጎማው እንዳልጸደቀ እንዲቆጠር፣ ዛሬ ስብሰባ እንዳልተደረገ እንዲታሰብና ቃለ ጉባኤም እንዳይጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ፣ ያልተደረገው ስብሰባ ከምሽቱ 1፡40 ተበተነ።

ወ/ሮ አፀደ የልጆቹን የቁርስ ዓይነት ከአመልካቿ ጋር ኮሪደር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ጸሐፊው አልሰማም።