አንቀጽ አንድ፦ በጉ ይነሣል

በሕይወቴ የጻፍኩት መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው። ባለቤቴ ዘነበች ግን እሱም በዛ ትላለች። አልጋችን ሥር ያለው ካርቶን ሁሉ የእኔው መጽሐፍ ነው፤ መጥረጊያ አላስገባ ብሏታል። እውነቷን ነው።

መጽሐፉ ልብ ወለድ ነው። አዋቂዎች ምናባዊ ይሉታል፣ ዘነበች ቅዠት ትለዋለች። ዕድሜውን ሙሉ አዳማ ላይ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይሠራል? ካርታ ላይ የሌለ አገር ይፈጥራል። እኔም ከሶደሬ ፍል ውሃ ሥር አንድ አገር ፈጠርኩ። የዚያ አገር ሰዎች በተጣሉ ቁጥር ውሃው እየፈላ ይሄዳል። በመጨረሻ አገር ምድሩ ሊቀቀል ሲል፣ አንድ ሰው ወደሚፈላው ውሃ ይውረድ ተባለና ዕጣ ተጣለ። ዕጣው የወጣው በአንድ የታወቀ ውሸታም ነው። ያኔ አንድ የሚናገር ነጭ በግ ብድግ ብሎ "በሱ ፈንታ እኔ እወርዳለሁ" ይላል። ይወርዳል፣ ይሞታል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። በሦስተኛው ቀን በጉ ይነሣል። ምሥጢሩ ገባችሁ አይደል? አንባቢዎቼ አይገባቸው ይሆናል ብዬ ፈርቼ በግርጌ ማስታወሻ አብራርቼዋለሁ። አሥራ አንድ ቦታ።

እንግዲህ ይህን መጽሐፍ ፊልም ላድርገው የምትል ሰው መጣች። ሜሮን ትባላለች። ድሮ አስተምሬያታለሁ፤ አሁን አዳማ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ናት። "ቲቸር፣ መጽሐፍዎን አነበብኩት" አለችኝ። ከዘመድ ውጪ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረምና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ደስታው ግን አልቆየም። ፊልም ሠሪዎች የሰው መጽሐፍ ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ ሰምቻለሁ። ሃይማኖቱን አውጥተው ይጥሉና ጎራዴውንና ጭሱን ያስቀራሉ። ሜሮን ደግሞ ጴንጤ ናት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ያውም የጽዋ ማኅበር ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢው። ስለዚህ የክርስትናው ጠባቂ እኔ ልሆን ነው ማለት ነው። ከማን ነው የምጠብቀው? ከሷ ነዋ!

ጥርጣሬዬ መሠረት አልነበረውም እንዳትሉኝ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት "በጉን ፈረስ ብናደርገውስ? ሰው በግ ሲያይ የሚታየው ጥብስ ነው" አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ፊልሙን ሞቱ ላይ ብናቆመው፣ ተመልካቹ እያለቀሰ ቢወጣ አለች። ሰማይ ተደፋብኝ። ቤቴ ገብቼ አራት ገጽ ውል ጻፍኩ። አንቀጽ አንድ፦ በጉ ይነሣል። የቀሩት አንቀጾችም ያንኑ በሌላ አነጋገር ይደግማሉ። ሜሮን ፈገግ ብላ ፈረመች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው? ወረቀቷን ትራስ ሥር አድርጌ ነው የከረምኩት።

ቀረጻው በሑዳዴ ሆነ። ለምን ብትሉ፣ በጾም ሠርግ የለም። ሠርግ ከሌለ የሜሮን ካሜራዎች ሥራ ፈት ናቸው። ፋሲካ ካለፈ ግን ሙሽሮች ይነሡባታል፤ እስከ ክረምት ድረስ ካሜራ የሚባል ነገር አይገኝም። ስለዚህ በጠዋት ሶደሬ ወረድን። በጉን በባጃጁ ያመጣልን ከድር ነው። ከድር የሰፈራችን ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ መጽሐፌን አላነበበም። ግን ባጃጁ ውስጥ በተሳፈርኩ ቁጥር ስለምተርክለት ከብዙ ዘመዶቼ ይበልጥ ያውቀዋል።

በጉ ውሃው ዳር ሲደርስ አራት እግሩን ተከለ። አልወርድም አለ። እኔ ምን አደረግኩ? ስክሪፕቱን ከፍቼ ስለ መሥዋዕትነት ትርጉም ማብራራት ጀመርኩ። ለማን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የሶደሬን ጦጣ ታውቋት የለ? ወረቀቱን ከእጄ መንትፋ ዛፍ ላይ ወጣች። ሜሮን ቀና ብላ አየቻትና "ምናልባት ታሳጥርልን ይሆናል" አለች። በዚህ መሀል ከድር ጫማውን አውልቆ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ዞሮ በጉን በለሆሳስ ጠራው። በጉም ተከተለው። እንዲያ ያለ ትዕይንት አይቼ አላውቅም፤ እንፋሎቱ፣ ነጩ በግ፣ ዝምታው። እኔ ግን አመስግኜው መሰላችሁ? "ከድር፣ ካሜራው ውስጥ እየገባህ ነው፣ ዘወር በል!" ብዬ ጮህኩበት።

ያን ዕለት ሜሮን "ቲቸር፣ እንፋሎቱ አለ፣ በጉም ውሃውን ለመደ፣ ትንሣኤውንም አሁኑኑ እንቅረጸው" አለች። እንዴት ተደርጎ! "በጾም? ገና ሆሣዕና ሳይደርስ ትንሣኤ?" ብዬ ተነሣሁባት። ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። የፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ፣ ይቀረጻል ብዬ ቆረጥኩ። "እንግዲያው ያቺ ሰኞ ብቻ ናት ያለችን። ማክሰኞ ሠርግ ዝግጅት እገባለሁ። ሰኞ ካመለጠን ፊልሙ በሞቱ ያልቃል፤ አንቀጽዎም አያድነንም" አለችኝ። አያመልጠንም አልኳት።

በጉን ማን ይጠብቀው ሲባል እኔ ቤት ይሂድ ያልኩት ራሴ ነኝ። አስቤበት ነው። ሜሮን አትጾምም፤ አንድ ቀን ሆዷ ባር ባር ቢላትስ? ከድርም እንደሷ የእኛን ጾም አይጾምም። በሑዳዴ ከሚጾም ሰው የተሻለ የበግ ጠባቂ ከየት ይመጣል? በሬ ካራጁ ይውላል የሚለውን ተረት ያን ጊዜ ማን ያስታውሰኝ!

እንዴት ያለ አያያዝ ያዝኩት መሰላችሁ። ገብስ፣ ፋጉሎ፣ ከአትክልት ተራ የመጣ ጎመን። ጠዋት ጠዋት ጀርባውን እቦርሸዋለሁ። ዘነበች "እኔንስ እንዲህ ያየኸኝ መቼ ነው?" እያለች ታልፋለች። በጉ ወፈረ፤ መራመድ እስኪያቅተው። የሆሣዕና ሰሞን ደግሞ ለፋሲካ የሚሆን አንድ ቀይ በግ ከወለንጪቲ ገበያ ገዛሁና ከነጩ ጎን፣ ግቢያችን ካለው ፓፓያ ሥር አሰርኩት። አጥንቱ የሚቆጠር ነበር። ለአንድ ሳምንት ዕድሜ ምን አደከመኝ ብዬ ገብሱንም አላካፈልኩትም።

የፋሲካ ጠዋት። ዶሮ አይስማማኝም። ቤተሰቡ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጾሙን በዶሮ ወጥ ሲፈታ እኔ በጉ እስኪታረድ እጠብቃለሁ። ይህንንም እንደ ተጨማሪ ጽድቅ እቆጥረዋለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ሜሮን ደወለች። ምስኪን፣ እንኳን አደረሰዎ ልትለኝ ነው። እግረ መንገዷን "ነገ እንፋሎት ባይኖር ምን እናደርጋለን?" አለች። ይህን ብላ ልትገላገል? እየተንጎራደድኩ ትምህርቴን ለቀቅኩባት። በዚህ መሀል በየቤቱ እየዞረ የሚያርደው ሰው ቢላውን ይዞ ገባ። "ጋሼ፣ የትኛው ነው?" አለኝ። በእጄ ወደ ፓፓያው አመለከትኩት። "የትኛው ነው ጋሼ?" ብሎ ደገመኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው "አትጨቅጭቀኝ፣ ሥራህን ሥራ!" አልኩትና ስልኬን ይዤ ከግቢ ወጣሁ። በዚያች ደቂቃ ለሜሮን እየነገርኳት የነበረው በጉ ካልተነሣ ድካማችን ሁሉ ከንቱ መሆኑን ነው።

አራጅ ምን ይፈረድበታል? ሁለቱንም ጀርባቸውን ዳሰሰና የሰባውን ያዘ።

እኔ ተመልሼ ስገባ ዱለቱ ቀርቦ ነበር፣ ጥብሱ ተከተለ። በላሁ። ደገምኩ። እንዲህ የሚጣፍጥ ሥጋ በልቼ አላውቅም፤ ይህንንም ጮክ ብዬ ተናግሬያለሁ። "ወለንጪቲ በግ ያውቃሉ!" ብዬ ገበያውን ሁሉ መረቅኩ። ጠግቤ ሳበቃ የነጩን ገብስ ይዤ ወደ ፓፓያው ሄድኩ። ቀዩ በግ ቀና ብሎ አየኝ። ያመሰኳል። ብቻውን ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዘነበችን ጠርቼ ጮህኩባት። "እኔ ምን ላድርግ? ሰውዬው ሁለቴ ጠይቆህ አባረርከው። ፊልሙ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች። ቁጭ አልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም አዘንኩ። ከጴንጤዋ ጠበቅኩት፣ ከሙስሊሙ ጠበቅኩት፣ ማንም ጫፉን ሳይነካው እኔው ራሴ በልቼው ተገኘሁ። ያቺ ልጅም ያን ሁሉ ጊዜዋን ለእኔ መጽሐፍ ሰጥታ፣ ነገ ባዶ ሜዳ ላይ ላቆማት ነው።

ሰኞ ጠዋት ከድር በጉን ሊወስድ መጣ። "አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ" ብሎ ሲገባ፣ ቀዩን በግ ይዤ የፉርኖ ዱቄት ስቀባው አገኘኝ። እኔ እቀባለሁ፣ በጉ ይልሳል። ከድር አየንና "ነጩስ?" አለ። ነገርኩት። ምን የሚደበቅ ነገር አለ? "ያ ረቢ!" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ሆዱን ይዞ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና "ቆይ ጋሼ፣ ይታረዳል ተብሎ የተገዛው ይሄ ቀዩ ነበር አይደል?" አለኝ። አዎ አልኩ። "ታዲያ ያኛው በዚህኛው ፈንታ ሄደ ማለት ነዋ። መጽሐፍዎ ላይ ያለውስ ይሄው አይደል እንዴ?"

አሥራ አንድ የግርጌ ማስታወሻ የጻፍኩት ሰውዬ ይህን አላየሁትም። አፈርኩ። ዱቄቱን በጨርቅ ጠርጌ ቀዩን በግ እንደ ቀይነቱ ባጃጁ ላይ ጫንኩት።

ሶደሬ እስክንደርስ ለሜሮን የምናገረውን ሳጠና ሄድኩ። ስንደርስ የተጠናው ሁሉ ጠፋኝና "በላሁት" ብቻ አልኳት። አልሳቀችም። በጉን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንፋሎቱን አየችው። ውሉን አውጥታ የምትቀድድብኝ መሰለኝ፤ ብትቀድድም አልፈርድባትም ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ "ቲቸር፣ ጌታ ሲነሣ ያዩት ሰዎች ወዲያው አወቁት እንዴ?" አለችኝ። መግደላዊት ማርያም አትክልተኛው መስሏት የለም ወይ አለች። የኤማሁስ መንገደኞችስ አብረውት ሲሄዱ ቆይተው ያወቁት እንጀራ ሲቆርስ አይደለም ወይ አለች። እኔ ስንት ጊዜ ለማኅበርተኛው የተናገርኩትን ታሪክ ነው የምትነግረኝ! ክርስትናውን ታጠፋብኛለች ብዬ በአራት ገጽ ውል ያሰርኳት ልጅ ናት። እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም አሉ፤ እኔ ግን ድግሱን ቀድሜ በልቼዋለሁ።

ከድር እንደገና እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገባ። በዚህኛው ቀን ገና ከመግባቱ በፊት አመሰገንኩት፤ ግራ ገባውና ዞሮ አየኝ። ቀዩ በግ ከእንፋሎቱ ውስጥ ወጣ። ያ ዕጣ የወጣበት ውሸታም ሰው በአጠገቡ አልፎ ሄደ፤ አላወቀውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ሲቆርስ በጉ መጥቶ ከእጁ ጎረሰ። ሰውዬው ቀና ብሎ ዓይኑን አየውና አወቀው። በቃ። አንድ ቃል አልተነገረም። ከመጽሐፌ ይሻላል፤ ይህን ማመን ለእኔ ከጾሙ ሁሉ የከበደ ነበር።

ፊልሙ አዳማ ውስጥ አንድ አዳራሽ ታየ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሙስሊሙም ታደመ። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ አንድ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ ተነሡ። "ደራሲውን አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ። የተነሣው በግ መልኩ መለወጡ፣ ወዳጁ እንኳ አለማወቁ፣ ይህ ትልቅ ምሥጢር መሆኑን ተናገሩ። "ለመሆኑ ይህ እንዴት ተገለጠልዎት?" አሉኝ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሜሮን ዘወር ብላ ጠበቀች። ከድር ከኋላ ወንበር ላይ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። እውነቱን ልናገር ነበር፤ እምላችኋለሁ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተነሣሁ፣ ጃኬቴን አስተካከልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"በጾምና በጸሎት ነው፣ አባቴ" አልኩ።

ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ደግሞስ ምን ዋሸሁ? ጾሙ እንደሆነ እውነት ነው። በምን እንደፈታሁት የጠየቀኝ የለም።