ከአቡጀዴው ወዲያ

ናዝሬት ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ አንድ ሲኒማ ቤት ነበረ። ግድግዳው ዛሬም ቆሟል፤ ውሸት ነው የሚል ሰው ሄዶ ግድግዳውን ይጠይቅ።

ያሠሩት ባላምባራስ ደርሰህ የሚባሉ ጌታ ናቸው፤ «ሲኒማ ንጋት» አሉት። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ሻምበል ንጋቱን በቀለም ደፍኖ «ሲኒማ ድል» ብሎ ጻፈበት። ከሻምበሉ በኋላ የመጡት ባለሀብት ደግሞ ድሉን ደፍነው «ሲኒማ ራእይ» አሰኙት። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ቀለሙን ያጥብና ሦስቱም ስም በአንድ ላይ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚል ሊያነብ የሚችል የተማረ ሰው ይጠፋል። ሕዝቡ ግን በየትኛውም ዘመን «አዳራሹ» ከማለት ሌላ ስም ጠርቶለት አያውቅም።

የዚያ ዘመን ሰው ፊልም የሚያየው ከልቡ ነበር። ዝናብ የሚዘንብበት ፊልም የመጣ ዕለት የፊት ረድፎቹ ጃንጥላ ይዘረጉ ነበር፤ ጃንጥላ ያልያዘ አንድ አናጢ ጉንፋን ይዞት ሰነበተ ይባላል።

ሸራው ስስ አቡጀዴ ነው። ከፊቱ ወንበር፣ ከኋላው ጓሮ። ቲኬት የሚገዛበት የሌለው ሰው በጓሮው በር ይገባና ከአቡጀዴው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያል። ከጀርባ ሲታይ ታዲያ ሁሉ ነገር ይገለበጣል፤ ፊደሉ የኋሊት ይሄዳል፣ ቄሱ በግራ እጁ ይባርካል፣ ሽፍታው በግራ እጁ ይተኩሳል። ፊልም አልቆ ጠላ ቤት ሲገናኙ የፊትና የጓሮ ተመልካች ሳይጣላ አይለያይም።

«በቀኙ ነው የተኮሰው!»

«ኧረ በግራው! እኔው በዓይኔ አይቼ?»

የፊት ሰዎች የጓሮዎቹን «ግራዎቹ» ብለው ስም አወጡላቸው። ስም ካወጡላቸው ወዲያ የሚናገሩትን መስማት ተዉ።

በሩ ላይ ቆማ ቲኬት የምትቀድደው ይርገዱ ነበረች። የጓሮውን በር ሳትቆልፍ የምትረሳውም እሷው ናት። በሥራዋ ጥንቁቅ ስለነበረች አንድም ቀን ሳትረሳ አልቀረችም።

ጣጣው የመጣው ከሰገነቱ ነው። ባለቤቱ የሚቀመጡበት ሰገነት የፊልሙ ብርሃን ከሚወጣበት ከማሽን ቤቱ ቀዳዳ ፊት ለፊት ነበረ። አንድ ቀን ፊልም መሃል ባላምባራስ ካባቸው ጠልፏቸው ሊያስተካክሉ ብድግ ሲሉ ብርሃኑ ከኋላቸው ያዛቸው፤ ተራራ የሚያህል ጥላም አቡጀዴው ላይ ወደቀ። ፊት የተቀመጠ አንድ ባላገር ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ። አጠገቡ ያለው እሱን አይቶ እጅ ነሣ። ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ። ባላምባራስ ዞር ብለው ጥላቸውን አዩት፤ ወደዱትም። አይፈረድባቸውም፤ ራሱን ያን ያህል አክሎ ያየ ሰው እንዴት ብሎ ይቀመጣል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማድ ሆነ። ፊልሙ ሲሞቅ ባለቤቱ ይነሣሉ፣ ጥላቸው ይወድቃል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ይቀመጣሉ፣ ፊልሙ ከደረሰበት ይቀጥላል። በመሃሉ ምን እንዳመለጠው የጠየቀ የለም።

ዘመን ዞረ። አዳራሹ ተወረሰና ባላምባራስ አንዲት ትንሽ መኪና ውስጥ ገብተው ተወሰዱ። እሳቸው ሄዱ፤ ጥላቸው ቀረ። የማሽን ቤቱ ሰው ጋሽ ቦጋለ የማሽኑን መነጽር ወለወለ፣ አምፖሉን ቀየረ፣ ማሽኑን አጠፋው። ማሽኑ ጠፍቶም ካባ የለበሰው ጥላ አቡጀዴው አናት ላይ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል።

ሻምበሉ ሳቀ። «የአሮጌው ጊዜ እድፍ ነው፤ በሳሙና ይለቃል» አለ። አሳጠበው፣ በበረኪና አስፈተገው። አልለቀቀም። ታዲያ አዲስ ጊዜ መምጣቱን ለሕዝቡ በምን ያሳየው? ሰገነቱ ላይ ወጥቶ እሱም ብድግ አለ። አሁን ባለ ቆብ ጥላ ከባለ ካባው ሥር ወደቀ። ጭብጨባውም ከድሮው በረታ፤ ምክንያቱም ሰው ሲወጣ በር ላይ መዳፉን ያሳይ ነበር፤ መዳፉ ያልቀላ ሰው ወደ ቤቱ ሳይሄድ ይቆያል።

ይህ ሻምበል ከጎረቤት አዳራሽ ጋር በአጥር ግንብ ተጣላ። የከተማውን ወጣት ሰብስቦ ግንቡን እንዲጠብቅ ላከው። ግንቡ ተጠበቀ። ወጣቱ አልተመለሰም።

ከሄዱት አንዱ አስናቀ፣ የይርገዱ አንድ ልጅ ነበር። ፎቶ የለውም። ነገር ግን በባላምባራስ ጊዜ ድልድዩ ሲመረቅ የተነሣ አጭር ፊልም ነበረና፣ ከዋናው ፊልም በፊት እሱ ይታይ ነበር። እዚያ ፊልም ላይ ሹማምንቱ ጥብጣብ ሲቆርጡ፣ ከታች በግራ ጥግ በኩል፣ አስናቀ በቀኝ እጁ ሸንኮራ ይዞ ይግጣል። ይግጥና ቀና ብሎ ወደ ተመልካቹ ይስቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ይርገዱ ቲኬት መቅደዷን ታቆምና በበሩ መጋረጃ ቀዳዳ ያቺን ጥግ ታያለች። ለከተማው የድልድይ ምርቃት ነው፤ ለእሷ ልጇ የሚኖርበት አገር ነው።

ሻምበሉም በተራው ጥላውን ጥሎ ጠፋ። በጨረታ የገዙት አቶ ልዑልሰገድ አንደበታቸው ማር ነበር። ሰገነቱ ላይ ቆመው «ከእንግዲህ የአዳራሹ ባለቤት እናንተ ናችሁ!» አሉ። ሕዝቡ አለቀሰ። «የቀደሙትን ጥላ የሚገፍ ብርሃን ይዤ መጥቻለሁ!» አሉ፤ ይህን የሚሉት ከብርሃኑ ፊት ቆመው ነው። ንግግራቸው ረዥም ስለነበረ ጥላቸውም ረዘመ። እየወረደ፣ እየወረደ፣ ድልድዩን ሸፈነ፣ ሹማምንቱን ሸፈነ፣ ወደ ግራው ጥግ ከታች በኩል መንፏቀቅ ጀመረ።

ይርገዱ ደረጃው ሥር ጠበቀቻቸው።

«ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝና፣ ሲነሡ ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ቢሉልኝ?»

«ለምን እናቴ?»

«ልጄ ላይ ቆመዋል።»

አቶ ልዑልሰገድ አዘኑላት፤ ማዘንም ያውቁበት ነበር። «እኔ የቆምኩት መሃል ላይ ነው፣ እናቴ። መሃል ላይ የቆመ ሰው ማንንም አይጋርድም።» ትከሻዋን ዳበስ አድርገው ወጡ።

በማግስቱ የአስናቀ እግር ጠፋ። ከዚያ ሸንኮራው። መጨረሻ የቀረው ሳቁ ነበር፤ እሱም አንድ ከሰዓት በኋላ ይርገዱ እያየችው ጠቆረ።

አቡጀዴው ሙሉ በሙሉ ጨለመ። ሰው ግን አልቀረም። ልማድ ነው፣ ፍርሃትም ነው፣ ድምፁም አለ፤ ሰው ጨለማው ላይ አፍጥጦ ፈረስ ሲጋልብ ይሰማል፣ ሴት ስታለቅስ ይሰማል፣ ሲታዘዝም ያጨበጭባል። ፊት ረድፍ የሚቀመጡት ጉልበታቸው ላይ የካባ ጫፍ ሲጎተት ይሰማናል ይሉ ነበር። ጥላዎቹ ቦታ እየተጋፉ ሲያጉረመርሙ የሰማም አለ። የባሰው ደግሞ በር ላይ ነው። ከዘጠኝ ሰዓቱ ፊልም የወጡ አንዳንድ ሰዎች ፀሐዩ ላይ ሲቆሙ ከእግራቸው ሥር ጥላ የላቸውም። ጎንበስ ብለው ይፈልጉና፣ ሰው እንዳያይባቸው ሮጥ ብለው ዛፍ ሥር ይገባሉ። ያን ሰሞን ከተማው ውስጥ ዛፍ ሥር የሚቆም ሰው በዛ።

አንድ ሐሙስ አቶ ልዑልሰገድ አዲስ ነገር አሰሙ። አዳራሹ ፈርሶ መስታወት በመስታወት ሊሆን ነው። አሮጌ ፊልሞች ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ይታዩና ይቃጠላሉ።

ይርገዱ በሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የጣቢያው ኩሊ ጉርሙ፣ ከግራዎቹ አንዱ፣ ሸክሙን አውርዶ አጠገቧ ቆመ።

«እትዬ ይርጌ፣ ምን ሆንሽ?»

«ልጄን ሊያቃጥሉብኝ ነው። ሳልሰናበተው። ፊቱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ!»

ጉርሙ ግራ ገባው። «አስናቀን? በቀደም አየሁት እኮ! ያችን ሸንኮራውን በግራ እጁ ይዞ ይግጣል።»

«አንተ! በእኔ ታሾፋለህ? ልጄ ግራኝ አልነበረም!» ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ ልትወረውርበት። ወረወረችም፤ ሳተችው። ሁለተኛውን ካነሣች በኋላ ነው እጇ አየር ላይ የቀረው።

«በግራው አልክ?»

«በግራው።»

«ከጓሮ ሆነህ።»

«ከየት ልሁን ታዲያ፣ ከሰገነት?»

«ግን እኮ ጨልሟል፣ ጉርሙ። አቡጀዴው ጨልሟል።»

«ከእናንተ በኩል ይሆናላ» አለ ጉርሙ፣ ሸክሙን መልሶ እያነሣ። «እኛ ጋ ጨልሞ አያውቅም።»

ጥላ ፊት ላይ እንጂ ጀርባ ላይ አይወድቅም ማለት ነው። እንዴት ሊሆን እንደቻለ የፊዚክስ አስተማሪ ይጠየቅ።

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ጋሽ ቦጋለ ማሽኑን አስነሣ። አቡጀዴው ላይ ምንም የለም፤ የማርሽ ባንዱ ሙዚቃ ብቻ ከጥቁሩ ውስጥ ይመታል። ይርገዱ ቲኬቱን መሬት ላይ ትታ፣ ስንት ዘመን ለሌላው ስትረሳው በኖረችው በር ገባች። ግራዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ድንጋይ ለቀቁላት።

ቀና አለች። ድልድዩ ፀሐይ ላይ ያበራል። ከበሮ መቺው በግራው ይመታል፣ ባላምባራስ በግራቸው ጥብጣብ ይቆርጣሉ። በቀኝ ጥግ በኩል፣ ከታች፣ አስናቀ ሸንኮራውን ገመጠና ቀና ብሎ ሳቀላት።

«አስናቀ!»

ከፊት የተቀመጡት ደነገጡ። ጨለማው የሰው ስም ጠራ። አንዳንዱ ጥላዎቹ ናቸው ብሎ አማተበ። ከዚያ ከጨለማው ወዲያ ሳቅ ተሰማ፣ የልብ ሳቅ፣ «ያው! ያውና ወንድሜ ከአጠገቡ!» የሚል የጉርሙ ድምፅ ተከተለ። ወንድሟ ወደ ግንቡ የሄደባት አንዲት መምህርት ብድግ አለች። ወንበሩ ሰው ሲነሣበት ራሱ የሚታጠፍ ነውና ጧ አለ። ግድግዳውን እየዳበሰች ሄዳ ወደ ጓሮ ገባች። ሌላ ወንበር ጧ አለ። ሌላም። ያ መዳፉን ሲያሳይ የኖረ ሁሉ፣ የዚያ ባርኔጣውን ያወለቀ ባላገር ልጅ ሳይቀር፣ እየተነሣ በጨለማው ጎን እየዞረ ገባ። ገብተው ሲያዩ፣ የጠፋባቸው ጥላ ቀድሟቸው ድንጋዩ ላይ ተደርድሮ ፊልም ያይ ነበር። ፈቀቅ አለላቸውና ጎን ለጎን ተቀመጡ።

አቶ ልዑልሰገድ ከሰገነቱ ላይ የሚሰሙት ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚለውን ብቻ ነው። ሕዝቡ ለክብራቸው እየተነሣ መሰላቸው። እሳቸውም ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ጭብጨባውን ጠበቁ። ጭብጨባው መጣ፤ እንደዚያ ያለ ጭብጨባ አዳራሹ ሰምቶ አያውቅም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ግን አንድ ነገር ከነከናቸው። ድምፁ የሚመጣው ከወንበሮቹ አይደለም። ወደ ታች አጮልቀው አዩ፤ ወንበሩ ሁሉ ታጥፎ ቆሟል። ከፊታቸው ጥቁር፣ ከጥቁሩ ውስጥ ካባው፣ ቆቡ፣ የራሳቸውም ትከሻ፣ ሦስቱም ዞረው እሳቸውን ያዩአቸዋል።

«ቦጋለ!» አሉ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ሰዉ የት ሄደ?»

ጋሽ ቦጋለ በማሽኑ ቀዳዳ ብቅ አለ።

«የትም አልሄደም ጌታዬ። ሰዉ እዚሁ አዳራሹ ውስጥ፣ ከአቡጀዴው ወዲያ ነው፤ ከፊት የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»