በበሩ አልወጣም ያለው ቁም ሳጥን

ኢንጂነር፦ ቁም ሳጥኑ ነው የሰፋው፣ እያልኩህ!

ዝግታ፦ በሩ ነው የጠበበው፣ ጋሼ።

ኢንጂነር፦ በር እንዴት ይጠባል? በር እንጨት ነው። የሚወፍር ሰው ነው። (ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው) አንዳንድ ሰው።

(ቦታው የአናጺ ቤት ነው። ጠባብ ነው ከማለት ይልቅ ኪስ ነው ቢባል ይቀላል። መሃሉ ላይ አዲስ ቁም ሳጥን ተገትሮ ቤቱን ሞልቶታል። ባለቤቱ ሜትር አንገታቸው ላይ ጥለው፣ እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይንጎራደዳሉ፤ መንጎራደጃው ሁለት እርምጃ ነው። ሁሉን አውቃለሁ ስለሚሉ ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይላቸዋል። አብሯቸው አሥራ አንድ ዓመት የሠራው ሰው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቀስ ያለ ስለሆነ «ዝግታ» ተብሎ ቀርቷል። ዝግታ ዛሬ አንድ ነገር ሊናገር ቆርጦ መጥቷል። የራሱን ቤት ተከራይቷል፤ ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ዛሬ ካልተናገረ መቼም አይናገርም፤ ራሱን ያውቀዋል።)

ኢንጂነር፦ ይህን በር ማን ሠራው?

ዝግታ፦ እርስዎ።

ኢንጂነር፦ በምን ልኬት?

ዝግታ፦ በትከሻዎ። ያኔ ቀጭን ነበርኩ ብለውኛል።

ኢንጂነር፦ እሰይ! ከእኔ የሚሰፋ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም ብዬ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ወጥቶ ያውቃል?

ዝግታ፦ የት ይወጣል፤ ዱካ ብቻ እየሠራን።

ኢንጂነር፦ እና ዱካ ምን አለው? ዓለም ሁሉ የሚቀመጥበት ነው! ቁም ሳጥን ካልሠራሁ ብለህ ድርቅ ያልከው አንተ ነህ። አሁን ስድስት ሰዓት ላይ ያዘዘችን አዋላጅ መኪና ይዛ ከች ስትል ምን ልበላት?

ዝግታ፦ እሷስ አትደነግጥም። ስንቱን ከጠባብ ቦታ አውጥታለች።

ኢንጂነር፦ አትቀልድ! መጋዝ አምጣ። እግሩን እንቆርጠዋለን።

ዝግታ፦ የያዘው እኮ ቁመቱ አይደለም፤ ጎኑ ነው።

ኢንጂነር፦ አውቃለሁ! ልፈትንህ ነው። መጋዙን አምጣ!

ዝግታ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ…

ኢንጂነር፦ መጋዙስ?

ዝግታ፦ የለም።

ኢንጂነር፦ ይኸው! ማክሰኞ መላጊያው፣ ረቡዕ መሮው፣ ዛሬ መጋዙ! ያ ጎረቤታችን በያጅ ነው። ከረቡዕ ጀምሮ ሰላምታ ነሥቼዋለሁ። ዛሬ ግን አንገቱን ነው የማንቀው!

ዝግታ፦ እኔ ነኝ የወሰድኩት። የገዛ ዕቃዬን ነው። አንድ አንድ እያልኩ።

(አሁን ገባቸው፣ ይላል ዝግታ በሆዱ። ተገላገልኩ።)

ኢንጂነር፦ ቤትህ ወስደህ…

ዝግታ፦ አዎ…

ኢንጂነር፦ …በዕረፍትህ ትስልልኛለህ! አየህ፣ ትጋት ማለት ይህ ነው! እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። በል በያጁን ይቅርታ ጠይቅልኝ። ስለ አንገቱ አትንገረው፤ ገና አላነቅሁትም።

ዝግታ፦ (ላቡን ጠርጎ) ጋሼ… ይህ ቤት ለእኔ ጠበበኝ።

ኢንጂነር፦ መስኮቱን ክፈተዋ!

ዝግታ፦ ተከፍቷል። ረጅሙ ሳንቃ ወጥቶበት ነው እንጂ። ትናንት ልጎትተው ብል ከነልብስ ገባ።

ኢንጂነር፦ ከነምን?

ዝግታ፦ ጎረቤቷ ጫፉ ላይ የሕፃን ልብስ አስጥታበት። ስድስት ካልሲ ቆጥሬ መለስኩ።

ኢንጂነር፦ ያደረ ሳንቃ ሁሉን ይጠቅማል። ቆይ፣ ፊትህ ምን ሆኗል ዛሬ? አመመህ?

ዝግታ፦ ደህና ነኝ።

ኢንጂነር፦ ገባኝ! ሚስት ልታገባ ነው!

ዝግታ፦ ሦስት ልጅ አለኝ እኮ፣ ጋሼ። ሠርጌ ላይ እርስዎ ነዎት ንግግር ያደረጉት። አንድ ሰዓት ሙሉ።

ኢንጂነር፦ አውቃለሁ! ረሳህ እንዴ ብዬ ነው። (መዶሻ አንሥተው ግድግዳውን አንኳኩ) በቃ። የቀረን ይኸ ብቻ ነው፤ ግድግዳውን መናድ!

ዝግታ፦ ግድግዳውን? ለአንድ ቁም ሳጥን?

ኢንጂነር፦ ስማ! ሥራ ከቤቱ ሲበልጥ ሥራው አይቆረጥም። ቤቱ ነው የሚለወጠው!

ዝግታ፦ (ቀና ብሎ) እስቲ ይድገሙልኝ።

ኢንጂነር፦ (ደስ ብሏቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው) ሥራ ከቤቱ ሲበልጥ፣ ሥራው አይቆረጥም! ቤቱ ነው የሚለወጠው!

ዝግታ፦ (በአንድ ትንፋሽ) እንግዲያው ልሄድ ነው ጋሼ የራሴን ቤት ተከራይቻለሁ ሰኞ እጀምራለሁ አይቀየሙኝ።

(መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ከውጭ የበያጁ ብረት ብቻ ይሰማል።)

ኢንጂነር፦ አሥራ አንድ ዓመት!

ዝግታ፦ አሥራ አንድ ዓመት ከሁለት ወር።

ኢንጂነር፦ ብቻህን ምን ታውቃለህና? ሳትለካ የምትሠራ! ከበር የማይወጣ ቁም ሳጥን ገትረህ ስታበቃ!

ዝግታ፦ ለክቻለሁ። እንጨቱን ሳልነካ በፊት በሩን ነው የለካሁት።

(ከቁም ሳጥኑ ጥግ አንዲት የእንጨት ሽብልቅ በጣቱ ነቀለ። ጎኑ ልቅቅ አለ። ሌላ ሽብልቅ፣ ሌላ ጎን። አንድ ሚስማር የለበትም። ሳንቃ በሳንቃ ደገፍ እያደረገ በበሩ ማውጣት ጀመረ፤ እንደ ቅቤ ሾለኩ። ኢንጂነር ዱካ ስበው ቁጭ አሉ።)

ኢንጂነር፦ ይፈታል እንዴ?

ዝግታ፦ ይፈታል። ቤቷ ወስጄ እገጥመዋለሁ።

ኢንጂነር፦ ታዲያ ጠዋቱን ሙሉ ምን ዘጋህ?

ዝግታ፦ ከትናንት ወዲያ «ጋሼ፣ ይህ ቁም ሳጥን እኮ…» ስልዎ «አውቃለሁ» አሉኝ። ያውቃሉ ብዬ ተውኩት።

ኢንጂነር፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ) ግድግዳውን ልንድ ስነሣስ? ያኔ እንኳ ዝም?

ዝግታ፦ ያኔ… ቢናድ ብዬ ተመኘሁ። ቢሰፋ ኖሮ አልሄድም ነበር።

(ኢንጂነር ባዶውን ቤት አዩት። ባዶ ሆኖም ጠባብ ነው።)

ኢንጂነር፦ ያንተው ቤት በሩ ስንት ነው?

ዝግታ፦ ስፋቱ? ሁለት ሜትር ከሃያ።

ኢንጂነር፦ ኧረ በሕግ! ዝሆን ልታስወጣ ነው?

ዝግታ፦ ለማስወጣት አይደለም። እርስዎ ሲመጡ በጎን መግባት እንዲቀርልዎ ብዬ ነው።

(ኢንጂነር እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ፣ መልሰው ሰኩት።)

ኢንጂነር፦ ሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትከፍተው?

ዝግታ፦ በሁለት።

ኢንጂነር፦ በአንድ ተኩል እመጣለሁ። ሥራ የሚያሳይህ ሰው ያስፈልግሃል።

ዝግታ፦ (ፈገግ ብሎ) ያስፈልገኛል፣ ጋሼ።

ኢንጂነር፦ በል ያችን የመጨረሻ ሳንቃ ስጠኝ፤ እኔ አወጣታለሁ።

ዝግታ፦ በጎን ይሁኑ፣ ጋሼ።

ኢንጂነር፦ አውቃለሁ! የገዛ በሬን ልታስተምረኝ?

(ሳንቃዋን አቅፈው፣ በደስታ ፊት ለፊት ወደ በሩ ገሰገሱ። ሳንቃዋ ወጣች። ኢንጂነር ግን ግማሻቸው ውጭ፣ ግማሻቸው ውስጥ ቀረ። ወደ ፊት ሞከሩ፤ ወደ ኋላ ሞከሩ፤ መቃኑ ጮኸ እንጂ አልለቀቀም። ስድስት ሰዓት ሆኗል። ደጅ ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።)

ኢንጂነር፦ አንተ! ምን ያስቅሃል? ማነው የመጣው?

ዝግታ፦ (ከኋላ ወገባቸውን ደገፍ አድርጎ) አይዞዎት ጋሼ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ። አዋላጇ ደርሳለች።